የማታ ሽቶ

ፀጉር ቤት ሲስተካከል እንቅልፍ ጥሎት ስለነበር ቤቱ የገባው እንደደነዘዘ ነው። ሚስቱን ሲስማት የወንድ ሽቶ ሸተተው። ለማታ የሚሆን፣ ከባድ፣ ሴት የማታመልጠው ወንድ የሚቀባው ዓይነት ነው። ማታ ማታ ተሽቀርቅሮ የሚወጣው ጎረቤቱ ናሁሰናይ ታየው።

"ማን ነበር እዚህ?"

"ኧረ ማንም።"

በጥፊ መትቶ ጣላት። አልጋውን አሸተተ፤ መጋረጃውን አሸተተ፤ የሄደበት ሁሉ ያው ሽቶ ነው። የሥጋ ቢላዋውን ይዞ ወጣ። ናሁሰናይ በሩን እንደከፈተለት አንገቱ ላይ ሻጠበት፤ ከወደቀም በኋላ ደጋገመው።

በካቴና ያሰረው ፖሊስ ወደ አንገቱ ጠጋ ብሎ አሸተተው።

"አንተም ፀጉርህን የምትስተካከለው ግዛው ጋ ነው?" አለው። "ሰውዬው ሳይጠይቅ እኮ ነው የሚረጭብን።"