ጭድ ያጣች ጥጃ

የሩዝ አገር በሆነው ቁሐር ሚካኤል ጭድ ጠፋ ቢባል ማን ያምናል? በዚያ ክረምት ግን ጎርፉ የአንለይን ክምር ከሥሩ አበሰበሰው። የተረፈውም ሻግቶ ከብት የማይቀምሰው ሆነ።

አንለይ ያለችው አንዲት ላም ናት። እሷም የፎገራ ላም ናትና ጥጃዋ ካልጠባቻት ወተቷን ቋጥራ ትይዛለች እንጂ ጠብታ አትሰጥም። የሚስቱ የአምሳል ጡት ደርቋል፤ ሕፃኗ ሰገን የምታድረው በዚያች ላም ወተት ነው። ጥጃዋ ሞተች ማለት ሰገን ሞተች ማለት ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የወረታው የከብት ባለሙያ መጥቶ፣ ጭድ ከጠፋ የእህል ትራፊ አለ አላቸው። ከሩዝ ወፍጮ የሚወጣውን ፉርሽካ በአተላ ለውሰው እንዲሰጧት፣ አተላውን ግን በውኃ እንዲያጥቡት፣ በትንሽ በትንሹም እንዲያስለምዷት መከራቸው። አምሳል እንደተባለችው አደረገች። የጥጃዋ ወዝ ተመለሰ።

ጠግባ መቦረቅ ስትጀምር ደግሞ የጎረቤታቸውን የደስታውን ሩዝ ገብታ ረጋገጠችው። ደስታው ተናደደና በሰው ፊት፣ ዳግመኛ ካየኋት ለጅብ ነው የምሰጣት ብሎ ዛተ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ደስታው ባሳለ ቁጥር አንለይ ሽመሉን ይጨብጣል።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት አምሳል ለማኅበርተኞቹ ጠላዋን አጠለለች፤ አተላውን በገንዳ ጓሮ ትታ ከባሏ ጋር ታቦት ሊያነግሡ ሄዱ። ሲመለሱ የጥጃዋ ገመድ ተበጥሷል። ገንዳው ተልሶ ባዶውን ቀርቷል። ጥጃዋ በረት ውስጥ እግሯን ዘርግታ ተጋድማለች፤ ዓይኗ ተገልብጧል፣ አፏ አረፋ ደፍቋል። ትንፋሿን ጎንበስ ብሎ ማን ያዳምጥ! አጠገቧ ደስታው ቆሟል። ጋቢው ጭቃ በጭቃ ነው፤ ትከሻው ላይ የጥጃዋ ቀይ ጠጉር ተጣብቆበታል።

ደስታው ገንዳው ውስጥ መርዝ እንደጨመረ አንለይ ቅንጣት አልተጠራጠረም።

«ልጄን ገደልካት» አለው።

«ስማኝ እንጂ አንለይ፤ እኔ እኮ ማሳዬ ዳር ወድቃ ባገኛት ተሸክሜ...»

ሽመሉ አናቱ ላይ አረፈ። ደስታው በጉልበቱ ወደቀና እጁን ዘረጋ፤ ሁለተኛው ምት ክንዱን ሰበረው። አምሳል የባሏን ወገብ ይዛ፣ ተው በሚካኤል፣ ተው ስለ ሰገን ብላ ለመነችው። ንዴት ጆሮ የለውም። ሦስተኛው የደስታውን ጆሮ ግንድ አገኘው። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደመታው አንለይ ራሱም አያውቀው፤ ሽመሉ ለሁለት ሲሰበር ነው ያቆመው። ደሙ በበረቱ እበት ላይ ፈሰሰ። የደስታው ሚስት ደብሬ ጩኸቱን ሰምታ ስትደርስ ባሏ አይተነፍስም። ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችና መሬት ላይ ተደፋች።

አንለይ የሽመሉን ስባሪ እንደያዘ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ቤት ውስጥ ሰገን ርቧት ታለቅሳለች። እንግዲህ ይቺን ልጅ ምን አጠጥቼ ላሳድራት እያለ እሱም አለቀሰ።

ያን ጊዜ ጥጃዋ ተነሣች፤ ተንገዳግዳ ደስታውን ተራመደችውና ጠላ ጠላ እየሸተተች ወደ እናቷ ጡት ሄደች።