የእንድሪስ አደራ

ጋሽ ይመር ነፍሳቸው አልወጣ ብላለች። ሐኪሙ «ከሳምንት አያልፉም» ያለው ሳምንት አልፏል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማቸው ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተሰክቶ ተኝተዋል። ዓይናቸው ከአንዲት የቆርቆሮ ሳጥን አይነቀልም።

«አደራ በላ ሆኜ አላህ ፊት አልቆምም» ይላሉ። «ሱሃይብ፣ ልጄ፣ አድርስልኝ።»

ሳጥኗ ውስጥ ያሉት ደብዳቤዎች ናቸው። የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ወሎ ለነበረ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ቤተሰቦቹ ከአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ የላኳቸው። የጋሽ ይመር ቅድመ አያት እንድሪስ ነጋዴ ነበር፤ ከምጽዋ ጨርቅ በበቅሎ ሲያመጣ የፈረንጁንም ፖስታ ይዞ ይመጣል። ሃይማኖት ሳይለያቸው እንደ ወንድም ሆኑ። ፈረንጁ «አገሬ ልግባ» ባለ ቁጥር እንድሪስ እህል አይቀምስም ነበር አሉ። ሰውዬውም ሳይገባ ቀረ፤ እዚያው ሞቶ እንድሪስ በእጁ ቀበረው።

እንድሪስ በተራው ሊሞት ሲያጣጥር ሳጥኗን ለልጁ ሰጠ። «ለወገኖቹ አድርሱ። ማኅተሙን የሰበረ ዘሩ ይሰበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ሳጥኗን ከጦርነትም ከረሃብም ሲያሸሽ ኖረ። ጋሽ ይመር ዲቪ ደርሷቸው ሲመጡ ከልብሳቸው በፊት የሸከፉት እሷን ነው።

ሱሃይብ ትምህርቱን ጥሎ ምግብ ዴሊቨር የሚያደርግ ልጅ ነው። አድራሻ ማነፍነፍ ያውቅበታል። ፖስታው ላይ ያለውን የቤተሰብ ስም ይዞ ኢንተርኔት ሲበረብር አሌክሳንድሪያ ውስጥ ብቻዋን የምትኖር ሚስ ሃርትዌል የምትባል ሴትዮ አገኘ። ኮል አደረገላት።

ሴትዮዋ «ለማንም እንዳታሳይ። ቶሎ አምጣልኝ» አለችው።

ይሄ ነገር ለእህቱ ለኢፋት አልተዋጠላትም።

«ለማንም እንዳታሳይ? አንተ ደግሞ ዝም ብለህ ትሄዳለህ! ቸብችባው ነው የምትጠፋው።»

«ትቸብችበው፣ ትቀቅለው! አባ ይረፉ እንጂ።»

«ለሌባ ከሰጠኸውማ ምኑን ደረሰ? አባ እንደታነቁ ይቀራሉ። መጀመሪያ አይዲዋን እይ፣ ጅል!»

ሳጥኗን ይዞ ወጣ፤ ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መኪናው አልንቀሳቀስ አለ። ስልኩ ደግሞ አሁንም አሁንም ይጮሃል።

«ደረስክ?» ይላሉ አባቱ። ከቃሉ ይልቅ የሚሰማው ትንፋሻቸው ነው።

«ደረስኩ አባ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ማንን እንደሚለምን ራሱም አላወቀም፤ ሞትን ይሁን ትራፊኩን።

ሚስ ሃርትዌል በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች።

«ሌላ ሰው አይቶታል?»

«የለም። አንቺስ ዘመዱ መሆንሽን በምን ልመን?»

አልተቆጣችም። አስገባችው። ግድግዳው ላይ ጺሙ ደረቱ የደረሰ ሰውዬ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የተጻፈው ስም ፖስታዎቹ ላይ ያለው ስም ነው። አፍንጫው የሴትዮዋ አፍንጫ ነው።

«የድሮ ዕቃ ነጋዴዎች እንዳይቀድሙኝ ፈርቼ ነው» አለችው። «አያቴ ስለ እሱ ሲነሳ ታለቅስ ነበር።»

ሱሃይብ ትከሻው ቀለለው። የኢፋት ጥርጣሬ አፈር በላ። ሳጥኗን አስረከበና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

«አባ፣ ተቀብላለች። እውነትም ወገኑ ናት።»

«አልሐምዱሊላህ!» ጋሽ ይመር ስልኩ ውስጥ አነቡ። «አሁን ልሂድ።»

ሚስ ሃርትዌል አንዱን ፖስታ አንስታ ቀዩን ሰም በጥፍሯ ዳሰሰችው። ሌላ አነሳች። ደግሞ ሌላ። 

«አንዱም አልተከፈተም?»

«አንዱም!» ሱሃይብ ደረቱን ነፋ። ለአባቱ በአማርኛ ነገራቸው።

«በላት!» አሉ፣ ከየት እንዳመጡት በማይታወቅ ድምፅ። «ከእንድሪስ እጅ እንደወጣ ነው በላት!»

አላት።

ሴትዮዋ ተነሳች። ከፎቶው ሥር ካለው መሳቢያ አንድ የወየበ ወረቀት አወጣች።

«ከእሱ የደረሰን የመጨረሻው ደብዳቤ ነው» አለችና መነጽሯን አጠለቀች።

«ምን አለች? ሱሃይብ፣ ምን እያለች ነው?» አሉ ጋሽ ይመር።

ሚስ ሃርትዌል ማንበብ ጀመረች፦ «አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል እንኳ አልጻፋችሁልኝም፤ ከረሳችሁኝማ ወደ ማን እመለሳለሁ? ወዳጄ እንድሪስ ከወደቡ በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ፤ ‹ምንም የለህም› ይለኛል።»