ያልተቆረጠው ቦታ

ኢየሩስ በስቱዲዮዋ አንድ ሽማግሌ ሰርግ ላይ ሲመርቁ የተቀረጸውን ቪዲዮ ስታቀናብር ሳሉንም ዝምታውንም እየቆረጠች አውጥታለች። የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ ድምፁ «ቋ» ይል ስለነበር፣ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አለስልሳቸዋለች። የመናኸሪያው ጥሩምባ እንዳይረብሻት መስኮቱን ዘግታለች። አጠገቧ የሽማግሌው ባለቤት ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ባላቸው ከሰርጉ በኋላ በሳምንቱ ነበር ያረፉት። «ቤታችሁ ይሙላ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ግን አንድ «ቋ» ቀረ። የድምፁን መስመር አጉልታ አየችው። እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልተቆረጠም።

«ይቅርታ እማማ፣ ይሄንንም አጠፋዋለሁ።»

«ተይው ልጄ፣ ከዘራው ነው። መርቆ ሲያበቃ ወለሉን ይመታል። ሳይመታ አሜን ያለ ሰው ወዮለት!»

ኢየሩስ ስክሪኑን ተመለከተች። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ከዘራ የሚባል ነገር የለም።

«ከዘራቸው የታለ?»

ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። «እውነትሽን ነው። የዚያን ቀን ቤት ረስቶት መጣ። እኛም እንደተለመደው መምታቱን ስንጠብቅ፣ አሜን ሳንል ቀረን።»

ኢየሩስ ድምፁን ጨርሶ አጠፋችው፤ አላመነችውምና የስፒከሩንም ገመድ ነቀለች። ምስሉ በዝምታ ሄደ። ሽማግሌው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፤ እጃቸውንም አወረዱ።

ቋ።

የመጣው ከሁለቱ ሴቶች ጀርባ ነው፣ ከስቱዲዮው የሲሚንቶ ወለል ላይ። ሴትዮዋ ዞር አላሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብዙ ጊዜ ሲጠብቅ እንደቆየ ሰው፣ «አሜን» አሉ።