የዋንጫው ቀብር

ከዚህ ወሬ ውስጥ አንዲት ቃል ብዋሽ ሞቼ ልገኝ። ዕድሜዬ እንደሆነ ብዙም አልቀረውም፤ ቢሆንም የቀረችኝን በውሸት አላስይዛትም።

ሊፖቮ ከቡልጋሪያ ተራሮች ሥር የተወሸቀች ትንሽ ከተማ ናት። ኳስ ሜዳዋን የሚንከባከበው ስታመን ነበር። ሣሩን አሳምሮ ከማጨዱ የተነሳ ዝንብ ስታርፍበት ተንሸራታ ወገቧን ትሰበር ነበር። ሰውየው ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ ስድስቱን የኖረው አንድ ነገር ሲጠብቅ ነው። የባልካን ትናንሽ ክለቦች ዋንጫ በእሱ ሣር ላይ ሲካሄድ ማየት። ውድድሩ በየሦስት ዓመቱ አንዴ እየተካሄደ አሥራ ሁለት ከተሞችን በተራ ይዞራል። ተራው አንዴ ካለፈ ተመልሶ ሲመጣ ስታመን መቶ ሰባት ዓመት ይሞላዋል።

በዚያ ክፉ የወረርሽኝ ዓመት፣ አገሩ ገና ሳይዘጋ፣ ተራው ደረሰ። ዋንጫው አስቀድሞ መጥቶ ክለቡ ቢሮ ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ ዛፕሪያን፣ የስታመን የልጅነት ጓደኛ፣ ለጨዋታዎቹ ዕጣ አወጣጥ ተሰሎንቄ ድረስ ሄደ።

ሲመለስ ስታመን በገዛ እጁ ያወጣውን የፕሪም አረቄ ቀዳለት። ይህን አረቄ በቅሎ ብትቀምሰው ትዘፍናለች።

«ውሃ ውሃ ይላል» አለ ዛፕሪያን፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ።

ስታመን እናቱን ቢሰድቡበት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ዛፕሪያን ለማንም ሳይናገር በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ትልቁ ከተማ ወርዶ ሲመሽ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ሬዲዮው ተናገረ፤ በወረርሽኙ ምክንያት ውድድሩ ተሰርዟል።

ሊፖቮ ውስጥ አንድም የታመመ ሰው አልተሰማም። በሽታው የእኛን መንገድ አያውቀውም ይባል ነበር። ስታመን ለአዘጋጆቹ ስልክ ደወለ።

«ይሰረዝ ብለው መጀመሪያ የጠየቁት የራሳችሁ ሊቀ መንበር ናቸው፣ ጋሼ» አለችው ጸሐፊዋ። «ዝርዝሩን በደብዳቤ እንልካለን።»

ስታመን ዝርዝር አላስፈለገውም። በቀጥታ ወደ ዛፕሪያን ቤት ሄደ። ምድር ቤቱ የሴት ልጁ የሩምያና ዳቦ ቤት ነው፤ ከተማው ዳቦ የሚገዛው ከእሷ ነው። ዛፕሪያን ከላይ በመስኮት ብቅ አለ።

«ውረድ» አለው ስታመን።

«አልወርድም። አንተም እዚያው ቁም።»

«ለማን ነው የሸጥከን?»

«ለማንም አልሸጥኳችሁም።»

«ታዲያ ምን አድርገንህ ነው? ሣሬ ቆረቆረህ?»

ዛፕሪያን ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሊዋሽ ሲል እንደዚያ ያደርጋል። «እባክህ ድምፅህን ቀንስ። ልጄ ደንበኞች አሏት።»

«አረቄዬን ውሃ ካለ አፍ እውነት አይጠበቅም» አለ ስታመን። መስኮቱ ተዘጋ።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፎቶውና የቀብሩ ሰዓት በወረቀት ታትሞ በየግንዱና በየበሩ ይለጠፋል። ስታመን ማተሚያ ቤት ሄዶ በዋንጫው ፎቶ ሥር እንዲህ አስጻፈ፤ «ውድ ዋንጫችን ሠላሳ ስድስት ዓመት ተጠብቆ፣ በገዛ ወዳጁ እጅ ተቀጨ። ቀብሩ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኳስ ሜዳው ላይ ነው።» ከተማው በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ በታች ግን ሁሉም ዛፕሪያንን ነበር የሚያኝከው።

ቅዳሜ ያልመጣ የለም። ከአልጋ የማይወርዱ ሽማግሌዎች በጋሪ መጡ፤ ሁለቱ ከመቃብር ተነስተው ነው የመጡት ቢባል እኔ አልከራከርም። ዋንጫው ሳጥን ውስጥ ተጋድሞ አበባ ተነሰነሰበት። ንፍሮ ታደለ። ሴቶቹ መጀመሪያ ለቀልድ አለቀሱ፤ ኋላ ከምራቸው ሆነ።

ሟችን የሚሰናበቱት በመሳም ነው፤ መጀመሪያ የቅርብ ዘመድ፣ ቀጥሎ ሰው ሁሉ በተራ።

«የቅርብ ዘመዱ ማነው?» አለ ስታመን።

«ገዳዩ ነዋ» አለ አንዱ ጋሪ ነጂ።

አራት ጎረምሶች ሄደው ዛፕሪያንን ይዘውት መጡ። ገርጥቷል። ሻርፑን እስከ አፍንጫው ጠቅልሎታል።

«አፍህን ከሸፈንክ አይቀር ዓይንህንም ሸፍነው፣ አንተ ሐፍረተ ቢስ» አለችው የጋሪ ነጂው ሚስት።

«ሳመው» አለ ስታመን።

«ተወኝ። እናንተ ሳሙት፤ እኔ ቤቴ ልግባ።»

«ወይ ትስመዋለህ፣ ወይ ለምን እንዳሰረዝከው እዚሁ ሕዝቡ ፊት ትናገራለህ። የትኛውን?»

ዛፕሪያን ሕዝቡን አየ። ከዚያ ልጁን አየ። ሩምያና ቅርጫቷን ታቅፋ ቆማለች፤ ሰው ከእጇ ዳቦ እየተቀበለ ይበላል። በመጨረሻ ሻርፑን ዝቅ አድርጎ ጎንበስ አለና ዋንጫውን ሳመ።

ሁለተኛ ስታመን ሳመ። አልበቃውም፤ ሊሸሸው የሞከረውን ጓደኛውን እንቅ አድርጎ አቅፎ ሁለት ጉንጩን ሳመው። ይቅር ብሎታል። ከኋላቸው ሊፖቮ በሞላ ተሰለፈ፤ የሰልፉ ጭራ ወንዙን ተሻግሮ ነበር። ስታመን በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ሰኞ የአዘጋጆቹ ደብዳቤ መጣለት። ሣሩ ላይ ቆሞ አነበበው።

«ተሰሎንቄ ላይ የያዛቸውን በሽታ ሐኪም በነገራቸው ሰዓት ሳይደብቁ ላስታወቁን ለሊቀ መንበራችሁ ከፍ ያለ ምስጋናችንን አድርሱልን። አሥራ አንድ ከተሞችን አትርፈዋል።»

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ፤ አንዲት ትንሽ ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ። ደብዳቤው ሊፖቮ የገባው ሰኞ አይደለም፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ፖስተኛው ከነቦርሳው ሰልፍ ላይ ነበር።