ወንበሩ ላይ የቀረችው ነጠላ

ከዋጫ ከተማ በአምቡላንስ የመጣችው የሰብሌ እህት ትሁት ቦንጋ ሆስፒታል ምጥ ላይ ናት። ሆስፒታሉ አስታማሚ አይገባም ስላለ፣ ሰብሌ ከቦንጋ ዝናብ ልትጠለል ፊት ለፊት ያለው ሲኒማ ቤት ገባች። ፊልሙ እንዳይቀዳ ተብሎ ጥበቃው ጋሽ ገሠሠ ስልኳን በር ላይ ወሰደባት። ፊልሙ ሳይጋመስ ከሆስፒታሉ ተደውሎ እንደሆነ ልታይ ተነሳች። ቦታዋን ሰው እንዳይዝባት ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጥላ ወጣች።

«ጋሽ ገሠሠ፣ በማርያም! ስልኬን አንዴ ብቻ ልይ።»

ጥበቃው ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ካለው ስክሪን አላነሳም። በጨለማ የሚያይ ካሜራ የተመልካቹን ፊት አንድ በአንድ ያሳየዋል።

«ፊልሙ ሳያልቅ አይሰጥም፣ እህቴ። ታዝዤ ነው።»

«የሰው ነፍስ ነው እኮ!»

የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ሰብሌ እጁን ይዛ ለመነችው። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ።

ያኔ ስክሪኑን አየች። ወንበሯ ላይ ነጠላዋን የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። ባዶ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች።

«ማናት?»

ጋሽ ገሠሠ ስክሪኑን አየ፤ ሰብሌን አየ፤ መልሶ ስክሪኑን አየ።

ሴትየዋ እጇን ከጆሮዋ አወረደች። ቀስ ብላ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቀች።

ከአዳራሹ ውስጥ በሰብሌ ድምፅ ጩኸት ተሰማ፦ «ትሁትዬ!»