ደረቁ በረዶ

ዘበኛው የእህቱን ባል ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አላመነውም። ዛሬ ደግሞ አንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው፤ አማቹ መሪ ይዞ፣ እሱ ጠመንጃ ይዞ።

የጫኑት ክትባት ነው። ኬሚስቷ ከወንበራቸው ጀርባ የተደረደሩትን ሳጥኖች በነጭ በረዶ ሞላቻቸው። በረዶው ይጨሳል እንጂ አይረጥብም።

«ይሄኮ ከውሃ የተሠራ አይደለም፤» አለች። «ጨው እሳት ላይ ብትጥሉት ንቅንቅ አይልም፤ ቅንጣቶቹ አጥብቀው ተያይዘዋል። የዚህኛው ሞለኪውሎች ግን የተያያዙት ላላ ብለው ነው። ሳይቀልጥ ጋዝ ሆኖ ብን ይላል።»

«እንደ ደሞዜ በይኛ!» አለ ሾፌሩ።

ሳቀች። ከዚያ ሾፌሩን ወደ ጎን ወስዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ነገረችው። ዘበኛው አያቸው።

በዚሁ መንገድ ባለፈው ሰሞን መድኃኒት የጫነ መኪና ተዘርፏል። ሌቦቹ የገቡት በተከፈተ መስኮት ነው፤ ሾፌሩም የእነሱ ሰው ነበር ይባላል። ስለዚህ ከከተማ እንደወጡ ዘበኛው በእሱ በኩል ያለውን መስኮት ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። የሾፌሩ መስኮት ከተበላሸ ከርሟል፤ አይወርድም።

«ጋሼ፣ ትንሽ ክፈተው። ሴትየዋ እኮ…»

«ሴትየዋን ተዋት! ስትንሾካሾኩ አይቻችኋለሁ።»

«እሺ ላቁምና…»

«ካቆምክ አለቀልህ!»

ቁልቁለቱ ላይ ዘበኛውን ራሱን ይወቅረው ጀመር። ልቡ ይደልቃል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ቅድም አማቹ ያቀበለው ውሃ ትዝ አለው። እሱ ግማሹን ጠጥቷል። አማቹ ግን ከንፈሩን አላስነካም።

«ምን አጠጣኸኝ?»

«ውሃ ነዋ! በእናትህ፣ መስኮቱን…»

«እጅህን ሰብስብ!»

የሾፌሩ ፊት በላብ ተጠምቋል። ከፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር፣ አካፋና ዶማ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ሾፌሩ መብራት አብለጨለጨላቸው፤ መሪውንም ወደ እነሱ ጠመዘዘ።

ይኸው፣ አለ ዘበኛው በልቡ። እህቴን ለጅብ ሰጠኋት። ጠመንጃውን አነሳ። ጣቱ ግን አልታዘዝ አለው፤ ዓይኑም ጨለመ።

የነቃው ክሊኒክ ውስጥ ነው። እህቱ ከጎኑ ባለው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የባሏን እጅ ይዛለች። ባሏ አልነቃም።

«መርዞኝ ነው፤» አለ ዘበኛው። «ውሃውን አስመርምሩት።»

እህቱ ቀና ብላ አላየችውም።

«ማንም አልመረዘዎትም፤» አለች ነርሷ። «የመንገድ ሠራተኞቹ እናንተን ለማውጣት በሩን ሲከፍቱ፣ ከውስጥ የወጣው አየር እነሱንም ሊጥላቸው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ መስኮቱን የዘጋው ማነው?»