ቀይ ክር

ልጅቷ ያመጣችው የቆዳ ቦርሳ በሻጋታ ነጭ ሆኗል።

«የባለቤቴ የመጀመሪያ ሚስት ቦርሳ ነው» አለች። «ቤይሩት ስትሄድ ጥላው ሄዳለች። ዕቃ ቤት ከጆንያ ሥር አገኘሁት።»

በረንዳው ላይ ተቀምጣ መጠበቅ ጀመረች።

ቤቷ ውስጥ አሮጌ ቦርሳ እያደሰች የምትተዳደረው ሴት ሻጋታውን በኮምጣጤ ጠረገችው። ቆዳው ቅባት ሲጠጣ ቡናማ መልኩ እየተመለሰ መጣ። ማንገቻው ላይ የተጣፈውን ቁራጭ ቆዳ ስታይ እጇ ቆመ። የራሷ ጥገና ነው።

ያን ጊዜ ቦርሳውን ያመጣችው ፈትለወርቅ የምትባል ሳቂታ ሴት ነበረች። ከመንገዷ በፊት በነበረው ቀን መጥታ፣ «እባክሽ እትዬ፣ ፓስፖርቴን ገበሩ ውስጥ ስፊልኝ» አለቻት። «መናኸሪያ ላይ ሌባ አይጠፋም። ኤርፖርት ስደርስ ተርትሬ አወጣዋለሁ።»

ሴትየዋ ቦርሳውን ገልብጣ ገበሩን ዳሰሰች። ቤቷ ውስጥ ሌላ ክር ስላልነበረ በቀይ ነበር የሰፋችው። ቀዩ ስፌት ከዳር እስከ ዳር እንዳለ ነው። ከሥሩ ፓስፖርቱ ጠጠር ብሎ ጣቷን ነካው።

«ምነው እትዬ፣ አይጸዳም እንዴ?» አለች ልጅቷ ከበረንዳው።

ሴትየዋ ገበሩን ወደ ውስጥ መለሰችው።

«ይጸዳል። ለመቼ ነው የምትፈልጊው?»

«ለእሁድ ቢደርስልኝ። እኔም ቤይሩት ልሄድ ነው። ባለቤቴ እስከ ኤርፖርት ይሸኘኛል፤ እሷንም እሱ ነው የሸኛት።»